ለውሻና ለድመት የሰውነት መከላከያን የሚገቱ መድኃኒቶች፦ ከመጀመሪያው ኪኒን እስከ ማቆሚያው ቀን

የውሻ ወይም የድመት ሰውነት የገዛ ራሱን ቀይ የደም ሕዋስ፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ሕዋስ)፣ ቆዳ ወይም መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ማጥቃት ሲጀምር፣ የእንስሳት ሐኪም ይህን የመከላከያ ኃይል የሚገታ መድኃኒት ያዝዛል። አብዛኛውን ጊዜ ዋናው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ነው። ሕክምናው በወራት የሚቆጠር ሲሆን፣ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በቤት ውስጥ በባለቤቱ እጅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንስሳው በተሻለው ሰሞን ነው። ድዱ ይቀላል፣ ምግቡን ይጨርሳል፣ እንደ ወትሮው በር ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ ባለቤቱም «ድኗል» ብሎ ኪኒኑን ያቆማል። ከዚያ በኋላ በሽታው አገርሽቶ ይመለሳል፣ ወይም መድኃኒቱ ስለተካው ለሳምንታት ሥራ ፈትቶ የቆየው አድሬናል እጢ (የሰውነትን የራሱን ስቴሮይድ የሚያመነጨው) በድንገት መነሣት ስለሚያቅተው እንስሳው ይዝላል፣ ያስመልሳል፣ ይወድቃል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ አጀማመሩ ብቻ ሳይሆን ስለ አቀናነሱና ስለ ማቆሙም ይናገራል።

እዚህ የተጻፉት መጠኖች የሐኪሙን ትእዛዝ እንዲረዱና ስሕተት ሲኖር እንዲጠይቁ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ተመርተው ከመድኃኒት ቤት ገዝተው በራስዎ አይጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት መጣራት ያለበት

የመዥገር በሽታ

ኤርሊኪያና ባቤዢያ የተባሉት በመዥገር የሚተላለፉ ተሐዋስያን ቀይ ደምንና ፕላትሌትን ያሳንሳሉ። ከውጭ ሲታዩም ሰውነት ራሱን ከሚያጠቃበት በሽታ ጋር አንድ ይመስላሉ፤ ድድ ይገረጣል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሆድ ቆዳ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ይወጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት የደም ስላይድ እንዲታይ ይጠይቁ። የውሻዎን ጆሮ ውስጡን፣ የጣቶቹን መሐልና ብብቱን በጣትዎ እየዳበሱ መዥገር ይፈልጉ፤ ካገኙ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሐኪሙ ኤርሊኪያን ከጠረጠረ ዶክሲሳይክሊን ለ28 ቀን ሊጨምር ይችላል፤ ይህን ኮርስ «ሌላ ኪኒን አለውና ይበቃዋል» ብለው አይተዉት።

ውሻው ከመተማ፣ ከሁመራ ወይም ካላዛር ካለበት ሌላ ቆላ የመጣ ከሆነ፣ ባይጠየቁም ይናገሩ። ጎንደር ላይ ተወልዶ ያደገ ውሻና ከቆላ በመኪና የመጣ ውሻ እኩል አይመረመሩም።

እከክና ቋቁቻ

ጸጉሩ በቦታ በቦታ የረገፈ ውሻ ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ ይህን መድኃኒት መጀመር የለበትም። ዴሞዴክስ በተባለ በዐይን የማይታይ የቆዳ ተባይ የሚመጣ እከክ ባለበት ውሻ ላይ ስቴሮይድ ሲሰጥ ማሳከኩ ለጥቂት ቀን ጋብ ይልና እከኩ መላ ሰውነቱን ያዳርሳል። የድመት ቋቁቻም እንዲሁ ይስፋፋል፤ በዚያ ላይ ወደ ልጆች ይተላለፋል።

ትል

አስቀድመው የትል መድኃኒት ያሰጡ። በተለይ ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል የመከላከያ ኃይሉ በተገታ ውሻ ውስጥ ከቁጥጥር ውጭ ሊራባ ይችላል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት

እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም በከተማችን የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ዛሬም አለ። እንስሳው ካልተከተበና ሕመሙ የሚታገሥ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ ከሁለት ሳምንት በፊት ይከተብ። ሕመሙ የማይታገሥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ደሙ በፍጥነት እየወረደ ከሆነ፣ ክትባት ለመጠበቅ ሕክምናውን አያዘግዩ፤ ነገር ግን ውሻውን ከግቢ አያውጡ፣ ከሌሎች ውሾችም ይለዩት። ሕይወት ያለው ተሐዋሲ የያዙ ክትባቶች፣ እንደ ዲስቴምፐርና ፓርቮ ያሉት፣ በከባድ መጠን መድኃኒት ላይ እያለ አይሰጡም። የእብድ ውሻ ክትባት የሞተ ተሐዋሲ ስለሆነ በራሱ በሽታ አያመጣም፤ ሆኖም በዚህ ጊዜ ሲሰጥ የሚፈጥረው መከላከያ ደካማ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በፊት የተወሰደ መድኃኒት

የወሰደውን ሁሉ፣ ማሸጊያውንና ብልቃጡን ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ በተለይ ማወቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው የሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ሜሎክሲካም ወይም አስፕሪን በቅርብ ቀናት ከተሰጠና ስቴሮይድ ከተደረበበት ጨጓራና አንጀት ሊቆስልና ሊበሳ ይችላል። ፓራሲታሞል ደግሞ ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ድመትን ይገድላል።

ሁለተኛው ቀድሞ የተወጋ ስቴሮይድ ነው። ዴክሳሜታዞን ከፕሬድኒሶሎን 7 እጥፍ ገደማ ይበረታል፤ 4 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን የተወጋ እንስሳ ባለ 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን 5 ወይም 6 ፍሬ እንደዋጠ ይቆጠራል። በዚያው ቀን የቤቱ ኪኒን ከተሰጠው መጠኑ ይደራረባል። ለሳምንታት በሰውነት የሚቆይ መርፌ የተወጋ ከሆነም ሐኪሙ የማቀናነሻ ዕቅዱን በዚያ ልክ ይለውጣል።

የመነሻ ምርመራ

ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ)፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ የደም ስኳርና ሽንት በመጀመሪያው ቀን ቢሠሩ ኋላ ላይ የሚታየው ለውጥ ከበሽታው ይሁን ከመድኃኒቱ ለመለየት ያስችላሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሠራት ካልተቻለ ቢያንስ የሄማቶክሪት ቁጥር (ቀይ የደም ሕዋስ ከደሙ ውስጥ በመቶ ስንት እንደሆነ) እና የደም ስላይድ ይኑርዎት። ጎንደር የዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት፤ የሚከታተልዎት ሐኪም የማይሠራው ምርመራ ካለ ወዴት እንደሚላክ ይጠይቁት።

ደረጃ 2፦ መመዘን፣ ማስላት፣ መግዛት

1. ሚዛን ላይ መጀመሪያ ብቻዎን ይውጡ፣ ከዚያ ውሻውን ታቅፈው ይውጡ፤ ልዩነቱ የውሻው ክብደት ነው። ድመትን በቅርጫት አድርገው ይመዝኑ፤ የቅርጫቱን ክብደት ይቀንሱ። በግምት የተነገረ ክብደት አይቀበሉ። 8 ኪሎ የሆነን ውሻ 12 ኪሎ ብሎ መገመት መጠኑን በግማሽ ያንረዋል።

2. የታዘዘው መጠን ከሚከተሉት ጋር ይቀራረብ እንደሆነ ይመልከቱ። ፕሬድኒሶሎን መከላከያን ለመግታት ሲታዘዝ ለውሻ በኪሎ 2 ሚሊግራም በቀን፣ ለድመት በኪሎ ከ2 እስከ 4 ሚሊግራም በቀን ነው። ከ25 ኪሎ በላይ ለሆነ ውሻ ሐኪሙ በኪሎ 2 ሚሊግራም ሳይደርስ ያቆማል፤ ትልልቅ ውሾች ጎጂ ውጤቱ ይጸናባቸዋልና። ለማሳከክ ብቻ የሚሰጠው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ፣ በኪሎ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊግራም ነው። የጎረቤት ውሻ የወሰደውን መጠን የራስዎ ውሻ መጠን አድርገው አይቁጠሩ።

3. ለድመት ፕሬድኒሶሎን መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ፕሬድኒሶን የሚባለው ስሙ የሚመሳሰል መድኃኒት ሰውነት ወደ ፕሬድኒሶሎን ካልለወጠው አይሠራም፤ ድመቶች ይህን በሚገባ አያደርጉም።

4. በፍሬ ይቁጠሩ። 15 ኪሎ ለሆነ ውሻ በቀን 30 ሚሊግራም ከታዘዘ፣ ባለ 5 ሚሊግራም 6 ፍሬ ነው። ደግመው ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ያለው ሚሊግራም ተለውጦ እንደሆነ እዚያው ባንኮኒው ላይ ያንብቡ፤ ጥንካሬው ከተለወጠ የፍሬው ቁጥር ይለወጣል።

5. ሙሉውን ዕቅድ የሚሸፍን፣ ቢያንስ የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት የሚያደርስ ክምችት ይያዙ። ደረጃ 8 ላይ ያለው ምሳሌ 450 ፍሬ ገደማ ይፈጃል። መንገድ ሊዘጋ፣ መድኃኒት ቤቱም «አልቋል» ሊልዎት ይችላል፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ አንድ ሳምንት እንኳ መቋረጥን አይችልም።

6. የእንስሳውን ኪኒን ከቤተሰቡ መድኃኒት ለይተው፣ የእንስሳውን ስም ጽፈውበት፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ የቀን መቁጠሪያ ማዘጋጀት

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ወስደው በየቀኑ ሣጥን ውስጥ ስንት ፍሬ እንደሚሰጥ አስቀድመው በእርሳስ ይጻፉ፤ በሰጡ ቁጥር በእስክሪብቶ ያስምሩበት። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ካለ ይህ ግዴታ ነው። አንዱ ሰጥቶ ሌላው የሚደግመው ጠዋት ነው።

ዕቅዱ ጳጉሜንን የሚያልፍ ከሆነ ይጠንቀቁ። ነሐሴ 20 የተጀመረ የ21 ቀን መጠን፣ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት፣ መስከረም 5 ላይ ያበቃል፤ መስከረም 6 የሚሰጠው የተቀነሰው ነው። ጳጉሜንን ሳይቆጥሩ ከነሐሴ ወደ መስከረም የዘለሉ ሰዎች በከባዱ መጠን 5 ቀን ይጨምራሉ፤ በቀን 6 ፍሬ ለሚወስድ ውሻ 30 ፍሬ ይጎድላል።

ደረጃ 4፦ ኪኒኑን ማዋጥ

ፕሬድኒሶሎንን ሁልጊዜ ከምግብ ጋር ይስጡ። በቀን አንዴ ከሆነ ለውሻ ጠዋት 1 ሰዓት ይመቻል። ለሁለት ከተከፈለ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ይሁን።

ለውሻ፦

1. ኪኒኑን ለጋ ቂቤ ያስነኩት፤ ይንሸራተታል፣ ምሬቱንም ይሸፍናል።
2. በግራ እጅዎ የላይኛውን መንጋጋ ከክራንቻ ጥርሶቹ ኋላ ይያዙና አፍንጫውን ወደ ላይ ያቅኑ።
3. በቀኝ እጅዎ የታችኛውን መንጋጋ ዝቅ አድርገው ኪኒኑን ምላሱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ጉብታውን አልፎ ከኋላ ያኑሩት።
4. አፉን ዘግተው ጉሮሮውን ከላይ ወደ ታች ያሻሹ። አፍንጫውን በምላሱ ሲልስ ውጧል ማለት ነው።
5. ወዲያው ምግቡን ያቅርቡ።

ለድመት ፎጣ ያዘጋጁ፤ አራቱንም እግሯን ጠቅልለው ጭንቅላቷን ብቻ ያውጡ። ከዋጠች በኋላ 5 ሚሊሊትር ውሃ መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ በአፏ ጎን ቀስ አድርገው ያጠጧት። ደረቅ ኪኒን በድመት ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ዶክሲሳይክሊን ሲሆን ጉሮሮውን አቁስሎ እስከማጥበብ ይደርሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተለወጠ ወይም ጠባዩ በድንገት የተቀየረ ውሻ አፍ ውስጥ እጅዎን አያስገቡ። መድኃኒቱ ያመጣው ነው ብለው አይገምቱ፤ እብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይዝጉበትና ሐኪም ይጥሩ። ለሃጩ ቁስልዎን ከነካ ወይም ከነከሰዎት ቦታውን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ መብል

እኛ ቤት ውሻ የሚበላው ከገበታ የተረፈውን ነው። የተረፈው ደግሞ ወጥ የነካው እንጀራ ነው። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽሮውም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት። ሁለቱም ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ውሻው የሚታከመው ደሙ ስለሚፈርስ ከሆነ፣ በአንድ እጅ መድኃኒት እየሰጡ በሌላው በሽታውን መመገብ ይሆናል፤ ሄማቶክሪቱ አልነሣ ሲል ሐኪሙ መድኃኒቱ እንዳልሠራ ቆጥሮ መጠኑን ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ በሕክምናው ዘመን ወጥ የነካው ነገር ሁሉ ይቅር። ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሥጋ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ደረቅ እንጀራ ይስጡ። የቤት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛውና ልጆቹም ይህን እንዲያውቁ ያድርጉ፤ ጉርሻው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእነሱ ነው።

ጥሬ ሥጋ ጨርሶ ይቅር። በበዓል ማግስት የሚጣለው ሳንባ፣ ጉበትና አንጀት ለጤነኛ ውሻም የኮሶና የውሃ ቋጠሮ ትል መንገድ ነው፤ መከላከያው ለተገታ እንስሳ ደግሞ የሳልሞኔላና የቶክሶፕላዝማ መግቢያ ነው። ሥጋው እስኪበስል ይቀቀል።

በዐቢይ ጾም ሉካንዳ ሲዘጋና ከገበታ ሥጋ ሲጠፋ ድመቷን በእንጀራ ብቻ አያኑሩ። ስቴሮይድ ጡንቻን ያከሳል፤ ድመትም ያለ እንስሳ ተዋጽኦ መኖር አትችልም። እንቁላልና ዓሣ ለእሷ አስቀድመው ያስቡ።

የረሃብ ስሜቱ ከመድኃኒቱ ነው። በለመነ ቁጥር አይስጡት፤ ያው የቀን ምግቡን ለሦስት ወይም ለአራት ከፋፍለው ያቅርቡለት። ውሃ ግን ፈጽሞ አይከልክሉት።

ደረጃ 6፦ በየቀኑ መታየት ያለበት

ድድ። ጠዋት በቀን ብርሃን የላይኛውን ከንፈር ገልብጠው ከክራንቻው በላይ ያለውን ድድ ይመልከቱ። በጣትዎ ጫን አድርገው ሲለቁ የነጣው ቦታ ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መቅላት አለበት። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን ዐይን ሽፋን ዝቅ አድርገው ውስጡን ይዩ። የነጣ፣ ቢጫ የሆነ ወይም ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ውሃ። ጠዋት በሃይላንድ ለክተው ያስቀምጡ፣ በማግሥቱ የቀረውን ይለኩ። በፕሬድኒሶሎን ላይ ብዙ መጠጣትና ብዙ መሽናት የሚጠበቅ ነው፤ በኪሎ ከ100 ሚሊሊትር በላይ በቀን ሲጠጣ ግን ይመዝግቡና ለሐኪሙ ይንገሩ። መጠኑ ተቀንሶም ጥማቱ ካልቀነሰ፣ በተለይ ድመቷ እየበላች ከከሳች፣ የደም ስኳር ይመርመር። ስቴሮይድ በድመት ላይ የስኳር በሽታ ያስነሣል።

ሰገራ። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ወይም ደም ያለበት ትውከት የጨጓራ መቁሰል ምልክት ነው። ይህ እስከ ነገ አያድርም።

እስትንፋስ። ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ30 በላይ ሲተነፍስ ይደውሉ። ነቅቶ ማለክለኩ ብቻውን ግን የመድኃኒቱ የተለመደ ውጤት ነው።

ኢንፌክሽን። ስቴሮይድ ትኩሳትን ይሸፍናል፤ ስለዚህ «አላተኮሰውም» ማለት ብቻውን አያሳርፍም። ሽንቱን እያንጠባጠበ ከሆነ፣ ቁስሉ ካልደረቀ፣ ካሳለ ወይም የድሮ እከኩ ከተነሣ ይታይ። ትኩሳቱ ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ሌላ ምልክት አይጠብቁ።

ሆድ መነፋት፣ ጸጉር መሳሳትና የጭን ጡንቻ መክሳት በሳምንታት ውስጥ ይመጣሉ፤ መጠኑ ሲቀንስ ይመለሳሉ። ለማየት ያስከፋሉ፤ ግን በራስ ለማቆም ምክንያት አይሆኑም።

ደረጃ 7፦ ሁለተኛ መድኃኒት ሲጨመር

አዛታዮፕሪን ለውሻ ብቻ ነው። ለድመት አይሰጥም፤ የድመት ሰውነት ስለማይፈታው መቅኔዋን ያደርቃል። ሥራው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየ2 ሳምንቱ ሲቢሲና የጉበት ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ይህን ምርመራ ማሠራት ካልቻሉ መድኃኒቱን ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት። ኪኒኑን አይቁረጡ፣ አይፍጩ፤ ጓንት አድርገው ይስጡ። ነፍሰ ጡር ሴት ይህንንም ሆነ መከላከያን የሚገቱትን ሌሎች መድኃኒቶች፣ ማይኮፌኖሌትንና ክሎራምቡሲልን፣ አትንካ፤ የእንስሳውን ሽንትና ሰገራም ሌላ ሰው ያጽዳ።

ሳይክሎስፖሪን በባዶ ሆድ፣ ለውሻ ከምግብ 2 ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስመለስ የተለመደ ነው፤ ከቀጠለ ከትንሽ ምግብ ጋር እንዲሰጥ ሐኪሙን ይጠይቁ። እንክብሉን ከማሸጊያው የሚያወጡት በሚሰጡበት ሰዓት ብቻ ነው። የሳይክሎስፖሪን ዓይነቶች በሰውነት ውስጥ እኩል ስለማይገቡ አንዱ ሲጠፋ ሌላውን በራስዎ አይተኩ። የፈንገስ መድኃኒት የሆነው ኬቶኮናዞል የሳይክሎስፖሪንን መጠን በደም ውስጥ ያንራል። ለከብት የሚወጋ አይቨርሜክቲንም ከእነዚህ ጋር ሲደረብ ወደ አእምሮ ገብቶ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ያስከትላል፤ ለመዥገርና ለእከክ ብለው አያስወጉት።

ማይኮፌኖሌት ተቅማጥ ያመጣል። ውሃ የመሰለ ወይም ደም ያለበት ከሆነ ቀጣዩን ፍሬ ሳይሰጡ ይደውሉ።

ደረጃ 8፦ መቀነስ

መቀነስ የሚጀመረው ቀን ስለደረሰ አይደለም። እንስሳው ተሽሎት ቁጥሩም ሲመሰክር ነው። ለደም መፍረስ በሽታ፣ ሄማቶክሪቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ለ2 ሳምንት ሲጸና ሐኪሙ የመጀመሪያውን ቅነሳ ይፈቅዳል። ከዚያ ወዲያ በየ3 ሳምንቱ ሩብ ያህል ይቀነሳል። ለ15 ኪሎ ውሻ እንዲህ ይሆናል፤ ፍሬው ባለ 5 ሚሊግራም ነው።

1ኛ ዙር፦ በቀን 6 ፍሬ
2ኛ ዙር፦ 4 ተኩል
3ኛ ዙር፦ 3 ተኩል
4ኛ ዙር፦ 2 ተኩል
5ኛ ዙር፦ 2
6ኛ ዙር፦ 1 ተኩል
7ኛ ዙር፦ 1
8ኛ ዙር፦ 1 ፍሬ በየሁለት ቀኑ

እያንዳንዱ ዙር 21 ቀን ነው፤ ስምንቱ ተደምረው 24 ሳምንት ይሆናሉ። ከ1ኛው ዙር ምርመራው ካልፈቀደ ወደ 2ኛው አይለፉ፤ ሌሎቹም እንዲሁ።

በየዙሩ መጨረሻ ይህን ቅደም ተከተል ይጠብቁ፦

1. ከመቀነስዎ ጥቂት ቀን አስቀድመው ሄማቶክሪት ያስለኩ።
2. እንስሳውን እንደገና ይመዝኑ።
3. ሐኪሙ ከፈቀደ ይቀንሱ፤ የቀነሱበትን ቀን ይጻፉ።
4. ከቀነሱ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ድጋሚ ያስለኩ። ማገርሸት የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ መስኮት ነው፤ ድድ ከመገርጣቱ በፊት ቁጥሩ ይወርዳል።

ሁለት መድኃኒት ካለ ሁለቱን በአንድ ሳምንት አይቀንሱ። ካገረሸ የትኛው እንደያዘው ማወቅ አይቻልም። አብዛኛውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎኑ ይቀድማል። የመጨረሻዎቹን ዙሮች ማሳጠር የሚያጓጓ ነው፤ ውሻው ጤነኛ ይመስላል፣ ፍሬውም አንድ ብቻ ነው። አድሬናል እጢው ወደ ሥራው የሚመለሰው ግን በእነዚሁ ሳምንታት ነው፤ እኔ በበኩሌ 7ኛውንና 8ኛውን ዙር ከሁሉ አብልጬ አስከብራለሁ።

ደረጃ 9፦ ሲሳሳት

አንድ ቀን ተረሳ። በዚያው ቀን ካስታወሱ ይስጡ። በማግሥቱ ካስታወሱ የማግሥቱን ብቻ ይስጡ፤ ደርበው አይስጡ።

ሰጥተው አስመለሰ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኪኒኑ ሙሉውን ከወጣና በዐይንዎ ካዩት፣ ፕሬድኒሶሎን ከሆነ አንድ ጊዜ ይድገሙ። ካላዩት አይድገሙ። አዛታዮፕሪንና ክሎራምቡሲልን ሳይደውሉ አይድገሙ።

ቀኑን ሙሉ እያስመለሰ ነው። የሚቀጥለውን ኪኒን ሰዓት አይጠብቁ። ለሳምንታት ስቴሮይድ የወሰደ እንስሳ መድኃኒቱ ሆዱ ውስጥ ካልረጋ እንዳቋረጠ ይቆጠራል፤ መርፌ ያስፈልገዋል። ድካም፣ መንቀጥቀጥና መውደቅ ከተጨመረ በሌሊትም ቢሆን ይውሰዱት።

ፍሬው አለቀ፣ መድኃኒት ቤትም የለም። ለሐኪሙ ይደውሉ፤ በሌላ ስቴሮይድ መተካት ይቻላል፣ ግን ስሌቱን እሱ ይሥራ። ዴክሳሜታዞንን ፍሬ በፍሬ አይተኩ።

አገረሸ። ድዱ ገረጣ ወይም ሽንቱ ጠቆረ። በራስዎ ወደ 6 ፍሬ አይዝለሉ፤ በዚያው ቀን ደሙ ይለካና ሐኪሙ ቀድሞ ይዞት ወደነበረው መጠን ይመልሰዋል። ሲሄዱ የቀን መቁጠሪያውን ይዘው ይሂዱ፤ በየትኛው ዙር ላይ እንዳገረሸ ሐኪሙ የሚያነበው ከእሱ ነው። ሽንኩርት መብላቱን፣ መዥገር መያዙንና ኪኒን መዘለሉንም ሳይሸሽጉ ይንገሩ። በሦስቱም ምክንያት የወረደ ደም በአንድ ዓይነት አይታከምም።

ሌላ ውሻ ነከሰው። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ በደንብ ያጥቡ፤ ጓንት ያድርጉ። ክትባቱ ቢኖረውም መከላከያው ስለተገታ እንደ ተራ ንክሻ አይቁጠሩት፤ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ያሳውቁ።

ደረጃ 10፦ ከመጨረሻው ፍሬ በኋላ

ሄማቶክሪት በ2ኛው ሳምንት፣ በ4ኛው ሳምንት፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ያስለኩ። የድድ ማየቱን በየቀኑ መሆኑ ቢቀር በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀጥሉ። በሚቀጥሉት ወራት ቀዶ ሕክምና፣ ከባድ ጉዳት ወይም ሕመም ካጋጠመው፣ ስቴሮይድ እንደወሰደና መቼ እንዳቆመ ለሚያየው ሐኪም አስቀድመው ይንገሩ፤ እጢው ለዚያ ጭንቀት የሚበቃ ሆርሞን ገና ላያመነጭ ይችላል። ክትባቶቹ መቼ እንደሚቀጥሉ፣ የትኞቹም እንደሚቀሩ ከሐኪሙ ጋር ይወስኑ፤ የእብድ ውሻውን ግን ከሁሉ ያስቀድሙ። የተረፈውን ፍሬ ለጎረቤት ውሻ አያውሱ፤ ቀን መቁጠሪያውን ከምርመራ ወረቀቶቹ ጋር አጥፈው ያኑሩት።